ማር የጠጣው የመኪና ምንጣፍ

ባለቤቴ ያንን መኪና የገዛ ዕለት መጀመሪያ ያሳየኝ ሞተሩን ሳይሆን ወለሉን ነበር። ግቢያችን በር ላይ አቁሞ የኋላውን በር ከፈተና "ጫማሽን አውልቂና ግቢ" አለኝ። አውልቄ ገባሁ። ከእግሬ ሥር አመድማ መልክ ያለው፣ ሲረግጡት ሰርጎድ የሚል ለስላሳ ምንጣፍ ነበር፤ ሹፌሮች ሞኬት የሚሉት። ከፊት ወንበሮች ሥር ጀምሮ እስከ ኋላው በር ድረስ ተለጥፏል።

"ቤታችን ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ የለም" አለኝ። እውነቱን ነው። የቤታችን ወለል ሲሚንቶ ነበር።

ያኔ ጂንካ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። እሱ የአሪ ልጅ ነው፤ ተወልዶ ያደገው እዚያው ጂንካ ነው፤ ለብዙ ዓመታት የመሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኖ ደቡብ ኦሞን ከዳር እስከ ዳር ዞሯታል። የሚሠራበት ድርጅት ፕሮጀክቱን ጨርሶ ሲወጣ አሮጌ መኪናዎቹን ሸጠ። ከእነሱ አንዱ፣ ረጅሙ፣ ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ አግዳሚ ወንበሮች ያሉት፣ የእኛ ሆነ። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲል መሆኑ ነው። "ከእንግዲህ የምነዳው ለራሴ ነው" እያለ ሰሞኑን ሁሉ በደስታ ሲሰክር ከረመ።

በድርጅቱ ዘመን መኪናው የሚጭነው ሻንጣና የሻንጣ ባለቤቶችን ነበር። እኛ እጅ ሲገባ ግን ሥራው የዲመካ ገበያ ሆነ። ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ጠዋት ከጂንካ ነጋዴና ሸቀጥ ይዘን እንወርዳለን፤ ከሰዓት በኋላ ገበያተኛውን ከነማሽላው፣ ከነቅቤው፣ ከነፍየሉ ይዘን እንመለሳለን። የጂንካ ጭቃ ጥቁር ነው። በመንገዳችን ያለችው የቀይ አፈር ከተማ አፈሯ ምን እንደሚመስል ስሟ ራሱ ይናገራል። የዲመካ አቧራ ደግሞ ነጣ ያለ ነው። ሞኬቱ ሦስቱንም ተራ በተራ ተቀበለ። የሐመር ሴቶች ፀጉራቸውን የሚሠሩበት ቅቤና ቀይ ቀለምም የድርሻውን ጨመረበት።

ባለቤቴ ግን እጅ አልሰጠም። መጀመሪያ ሞኬቱን ላስቲክ አለበሰው። ላስቲኩ ሲበጣጠስ ማዳበሪያ ዘረጋበት። ማዳበሪያው አንድ ነጋዴ አንሸራትቶ ከጣለ በኋላ እሱንም አነሳና በር ላይ ቆሞ "እግራችሁን ጥረጉ!" ማለት ጀመረ። ዲመካ መናኸሪያ ላይ ስሙን የማያውቁት ሰዎች "ያ እግር ጥረጉ" ይሉት ነበር። ድሮ ሲነዳ የሚያንጎራጉር ሰው ነው። አሁን ማንጎራጎሩን ተወ። በመስታወት ወደ ኋላ የሚያየው መንገዱን ሳይሆን የሰው እግር ሆነ። አንዱ ተሳፋሪ ትንሽ ጭቃ ካራገፈ እስከ ጂንካ ድረስ ይነጫነጫል። ይኼ ሰው በምንጣፍ ምክንያት ሊያረጅ ነው እያልኩ አስብ ነበር።

እንዲህ እያለ ሚያዝያ መጣ፤ ዝናቡም አብሮ መጣ። አንድ ቅዳሜ ከዲመካ ስንመለስ አንድ የሐመር ሽማግሌ ተሳፈሩ። ትልቅ ቅል ሙሉ ማር ይዘዋል። ልጃቸው ጂንካ ሆስፒታል ወልዳ ነበርና ማሩ ለእሷ ነው። ባለቤቴ ቅሉን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

"አባባ፣ ወለሉ ላይ እንዳያስቀምጡት። ጭንዎ ላይ ይያዙት" አላቸው።

እሳቸውም እንደ ሕፃን አቅፈውት ተቀመጡ። ቀይ አፈርን አልፈን አንድ የጎርፍ መውረጃ ስንሻገር መኪናው ዘለለ። ሽማግሌው ላለመውደቅ ወንበሩን ጨበጡ፤ ቅሉም ከእጃቸው ወጣ። ወለሉን ሻንጣና ጆንያ ሞልቶት ስለነበር የት እንደገባ ያየ የለም። ዝናብ ስለጀመረ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። መጀመሪያ የደረሰን ሽታው ነው፤ የአበባ፣ የጭስ፣ የበረሃ ሽታ። እንዲያውም አንዱ ነጋዴ "ዛሬ መኪናው እንዴት ደስ ይላል!" አለ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት እግሯን ልታነሳ ብትሞክር እግሯ መጣ፣ ጫማዋ ግን ቀረ።

ባለቤቴ መኪናውን ዳር አስይዞ የኋላውን በር ከፈተ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ወለሉን አዩ። በጣታቸው ነክተው ቀመሱ። ከዚያ ቀና ብለው አዩት።

"መኪና ጠጣ" አሉት። አማርኛቸው ጥቂት ናት። "ማር መኪና ጠጣ። አንተ መኪና ጎበዝ ነው፤ ጥሩ ነገር ያውቃል።"

ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። ባለቤቴ ብቻ አልሳቀም። ደግነቱ ቅሉ ውስጥ ከግማሽ በላይ ተርፎ ነበር። ጂንካ ስንደርስ ሽማግሌውን እስከ ሆስፒታሉ ድረስ አደረስናቸው። ልጃቸው ነገሩን በሐመርኛ ሲነግሯት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ልጇንም ገልጣ አሳየችን። ባለቤቴ እዚያ ትንሽ ፈገግ አለ። ወደ መኪናው ሲመለስ ግን ያው ሆነ።

በማግስቱ እሑድ ነው። መኪናው የሚያድረው ግቢያችን ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሲሆን፣ ሞኬቱ ነፋስ እንዲያገኝ ብሎ መስኮቶቹን ገርበብ አድርጓቸው ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ለብሰን ስንወጣ ግቢው በሙሉ ያጉረመርማል። ባለቤቴ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ሄዶ የኋላውን በር ከፈተ። እንደከፈተም ዞሮ ሮጠ። ክራባቱ ትከሻው ላይ ተገልብጦ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ እኔንም ገፍትሮ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። የከተማው ንብ ሁሉ መኪናችን ውስጥ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ፣ ዕድሜያቸው ከእኔ እናት የማይተናነስ፣ የመዘምራን ልብሳቸውን ለብሰው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ምነው? ሌባ ገባ እንዴ?"

"ንብ ነው፣ እትዬ!" አልኳቸው።

"ምን ሊሠራ?"

"ማር ሊጠጣ!"

እትዬ ትንሽ አሰቡና "የሰው ንብ ማር ይሠራል፣ የእናንተ ንብ ይጠጣል?" ብለው እየሳቁ ሄዱ። እኛም በጓሮ በኩል ወጥተን በእግራችን ተከተልናቸው። ወደ ማታ ላይ ንቦቹ የሚበቃቸውን ያህል ወስደው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ማጠብ ሆነ። የዱቄት ሳሙና በጀሪካን ውሃ እየበጠበጥን ፈተግነው። ሞኬት ግን ውሃ መቀበል እንጂ መመለስ አያውቅም። ፀሐይ ብትወጣ ይደርቅ ይሆናል፤ የሚያዝያ ፀሐይ ግን ብልጭ ብላ የምትጠፋ ናት። መኪናው ውስጥ የማር፣ የፍየል፣ የቅቤና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ አንድ ላይ ተቦካ። ትምህርት ቤት እንኳ ጓደኞቼ ጠጋ ብለው ያሸቱኝና "በመኪና መጣሽ አይደል?" ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን የረሳሁትን ዘንቢል ከወንበር ሥር ላወጣ ጎንበስ ስል አረንጓዴ ነገር አየሁ። እጄን ሰድጄ ነካሁት። ማሽላ ነው። ከጆንያ የፈሰሰ ማሽላ እርጥበትና ሙቀት አግኝቶ ሞኬቱ ላይ በቅሏል፤ ቀጫጭን ቅጠሎቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ ቆሟል።

"ና" ብዬ ባለቤቴን ጠራሁት። "ና፣ እርሻህን እይ።"

መጣና በጉልበቱ ተንበርክኮ አየ። ቅጠሎቹን በጣቱ ዳበሰ። ሊቆጣ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀና ሲል እንባው እየወረደ ይስቃል። ከስንት ወር በኋላ እንዲያ ሲስቅ ሰማሁት።

"አረም ሳላርም!" አለ። "ሳልዘራ፣ ሳላርም!"

ሳቁ ሲበርድለት ዓይኑን ጠረገና "በቃ፣ ነገ አወጣዋለሁ" አለኝ።

ሞኬቱን ማውጣት ግን ቀላል ሥራ አልነበረም። ወንበሮቹን ፈትተን ሳሎን አስገባናቸው፤ ለእንግዳ ማስቀመጫ ጥሩ ሆኑልን። ከዚያ እሱ በቢላ እየቆረጠ እኔ እየጎተትኩ ሞኬቱን ቁራጭ በቁራጭ አወጣነው። ከውስጡ ጨሌ ወጣ፣ ቁልፍ ወጣ፣ የእንጨት ማበጠሪያ ወጣ፣ ከወራት በፊት የጠፋብኝ የእጅ መሀረቤም ወጣ። እየሳቅን ነው የምንሠራው። የመጨረሻው ቁራጭ ሲነሳ ግን ሳቁ ቆመ። ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ብረቱ በዝገት ተበልቶ በቀዳዳው ሣር ይታያል። የማንጎ ቅጠል ሥሩ ወድቆ አየሁት።

ባለቤቴ ጣቱን በቀዳዳው ሰደደ፤ ዳር ዳሩ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ።

"እዚህ ላይ ሰው ይቆም ነበር" አለ በቀስታ። "ሰውን ተሸክሞ የነበረው ምንጣፍ ነው።"

"ያም ሆኖ ማንም አልወደቀም" አልኩት።

"አልወደቀም" አለ። ራሱን ነቀነቀና "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ተነሳ።

በያጅ ጠራን። የዛገውን ቆርጦ አውጥቶ አዲስ ላሜራ በየደበት። ባለቤቴ ደግሞ የቀረውን ወለል በሽቦ ብሩሽ ሲፈገፍግ ሰነበተ፤ ከሥራ ስመለስ ቅንድቡ ሳይቀር በዝገት ቀልቶ ነው የማገኘው። ደስተኛ ነበር። "ሌላ ሞኬት አላለብሰውም" አለኝ። አርባ ምንጭ ከተማ የጭነት መኪና ሹፌሮች የመኪናቸውን የጭነት ወለል የሚቀቡት ወፍራም ጥቁር ቀለም አይቶ ነበር፤ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚሆን፣ ብረቱን የሚያለብስ፣ ውሃ የማያስገባ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጓደኛው ከአርባ ምንጭ ሲመለስ አመጣለት፤ በትልቁ ቆርቆሮ ቀለሙን፣ በትንሹ ማጠንከሪያውን። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን እኔ አንብቤ አስረዳሁት፤ ሁለቱ ተደባልቀው ቶሎ መቀባት አለባቸው፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላ ይደረብበታል፣ እስኪደርቅ ድረስ ግን ጠብታ ውሃ እንዳይነካው።

"ጠብታ ውሃ?" አለና ሰማዩን አየ። ሰማዩ ጠቁሯል።

መፍትሔ ያገኘው እሱ ነው። በዝናቡ መኪናውን በሮቹ እንደተከፈቱ የሚያስጠልል ትልቅ ሸራ ያለው ማን ነው? እድር። ዓርብ ማታ የእድሩን ዕቃ ያዥ አስፈቅዶ ድንኳኑን ወሰደ፤ ቅዳሜ ማለዳ ግቢያችን ውስጥ ተከልነው፤ መኪናውንም ከሥሩ አስገባነው። መልሰን የምንገጥማቸውን አግዳሚ ወንበሮች ከሳሎን አውጥተን ድንኳኑ ጥግ ደረደርናቸው፤ የቀለሙ ጠረን ቤት እንዳይገባም በሩን ዘጋን። ፀጉሬ ቀለም እንዳይነካው ያገኘሁትን ጥቁር ሻሽ ጠምጥሜ ቀለሙን በእንጨት ማማሰል ጀመርኩ። የቀለሙ ሽታ ዓይን ያቃጥላል፤ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። ባለቤቴ ብሩሹን ይዞ በደረቱ ተኝቶ ከፊት ወደ ኋላ እየቀባ ይመጣል። ከኋላው በር የወጡት ሁለት እግሮቹ ብቻ ይታያሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ምን እንደሚመስለው አንዳችንም አላሰብንም።

እትዬ ማለዳ ገበያ ወርደው ነበር። ሲመለሱ በአጥራችን ላይ የእድሩን ድንኳን አዩ። የገበያ ዘንቢላቸውን እዚያው መንገድ ላይ ጥለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ "ወይኔ! ወይኔ ልጄን! ጡሩምባውን እንኳ ሳልሰማ!" እያሉ በሩን በርግደው ገቡ። መጀመሪያ እኔን አዩኝ፤ ጥቁር ሻሽ፣ የቀላ ዓይን፣ የሚወርድ እንባ። ከዚያ የተደረደሩትን አግዳሚዎች አዩ። ከዚያ ከመኪናው በር የወጡትን፣ የማይንቀሳቀሱትን እግሮች አዩ።

"እሱ ነው!" ብለው ጮኹና ደረታቸውን እየመቱ ወደ እግሮቹ ሮጡ።

እግሮቹ ተወራጩ። ከውስጥ የባለቤቴ ድምፅ መጣ፦ "እትዬ! እባክዎ አይንኩት፣ እርጥብ ነው!"

እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። እትዬ ወደ ኋላቸው ተንደርድረው አግዳሚው ላይ ዘጭ አሉ። ባለቤቴ እየተሳበ ወጣ፤ አፍንጫው፣ ግንባሩና ግማሽ ጢሙ ጥቁር ሆኗል።

"ደህና ነኝ፣ እትዬ" አላቸው። "ወለል እየቀባሁ ነው።"

እትዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተመለከቱት። "ታዲያ ማን ሞተ?"

"ሞኬቱ" አላቸው።

እትዬ መጀመሪያ ሊመቱት እጃቸውን አነሱ። ከዚያ አቀፉት። ከዚያ ሳቅ ያዛቸው፤ አግዳሚው ላይ ወደ ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ ሳቁ። ነገሩ ግን አላበቃም፤ ጩኸታቸውን የሰማው መንደር እየመጣ ነበር። አንዱ እያለቀሰ ይገባል፤ የቀደሙት በሳቅ ይቀበሉታል፤ እሱም ግራ ተጋብቶ እንባውን እየጠረገ ይቀመጣል፤ ነገሩ ሲገባው ደግሞ ቀጣዩን ለቀስተኛ ለማየት በጉጉት በሩን ይጠብቃል። ንፍሮ የጣዱ ነበሩ፤ ንፍሮው መጣ። የተቀቀለ ጎደሬ መጣ። በመጨረሻ ዕቃ ያዡ ራሱ "ድንኳኑን ያዋስኩት በደህና ነው፣ ምን ደረሰባችሁ?" እያለ እየሮጠ ደረሰ።

በዚህ መሀል ዝናቡ ወረደ። ዶፍ ነው። የሚሄድ ሰው አልተገኘም፤ ሁላችንም መኪናውን ከበን ድንኳኑ ሥር ተጠጋጋን። ባለቤቴ በተከፈቱት በሮች ዙሪያ እየዞረ "ተጠንቀቁ፣ እርጥብ ነው" ይላል፤ ድምፁ ግን እንደ ድሮው አይቆጣም። እትዬ የምስጋና መዝሙር ጀመሩ፤ ለሞተ ሳይሆን በሕይወት ላለ ሰው። የመዘምራን ጓደኞቻቸው ተቀበሉ። አሪኛ የሚችለው በአሪኛ፣ አማርኛ የሚችለው በአማርኛ፣ ዜማው አንድ ስለሆነ ማንም ማንንም አላሰናከለም። የጂንካ ዝናብ ሸራውን እየደበደበ፣ ንፍሮ እየቆረጠምን፣ ሃምሳ እግር ጭቃ ላይ እያጨበጨበ፣ ወለላችን ደረቀ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለተኛውን ደረብንበት። ሰው እንዳያንሸራትት ባለቤቴ ነፍቶ ያዘጋጀውን ደቃቅ አሸዋ በእርጥቡ ላይ ነሰነሰ። ሲደርቅ ጥቁር፣ ሸካራ፣ ከዳር እስከ ዳር ስፌት የሌለው ወለል ሆነ። በቡጢ መታው። ተረከዙን ደበደበበት። የውሃ ጀሪካን አንስቼ ሙሉውን ደፋሁበት፤ ውሃው በኋላው በር ኩልል ብሎ ወጣ። ሁለታችንም እንደ ሕፃን ጮኽን።

ዲመካ ከአዲሱ ወለል ጋር የወረድን ቀን ገበያተኛው አልገባ አለ። አብረቅራቂነቱን አይተው ያልደረቀ መስሏቸው ነው። አንዲት የሐመር ሴት በጣቷ ነካች፤ ጣቷን አየች፤ ከዚያ ሰንደሏን አውልቃ እጇ ላይ ያዘችና በባዶ እግሯ ገባች። ከኋላዋ ያሉትም ሁሉ ጫማ ማውለቅ ጀመሩ። ባለቤቴ ከመሪው ወርዶ መጣ።

"አታውልቁ!" አላቸው። "ግቡ! በጭቃችሁ ግቡ! ፍየሏንም አስገቧት!"

ገበያተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ያ እግር ጥረጉ ይህን ይላል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። አንድ ነጋዴ ጠጋ ብሎ "ታመሃል እንዴ?" አለው። የዚያን ቀን ባለቤቴ ሲመለስ እስከ ጂንካ ድረስ አንጎራጎረ፤ ድምፁ ያው እንደ ድሮው ከዜማው ወጣ ያለ ነው፤ እኔ ግን ናፍቆኝ ነበር።

መኪናው ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ጭኗል። ከሁሉ የማልረሳው ግን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ያገባች ጊዜ ነው። ሙሽራው ሃና በምትባል ትንሽ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርና ሙሽሪትን ከነሚዜዎቿ ወደዚያ የምንወስደው እኛ ሆንን። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ተበላሽቷል። ሃና ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ሚዜዎቹ ወረዱ፤ እኔም ወረድኩ። ገፋን፤ አልሆነም። ያን ጊዜ ሙሽሪት ነጭ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ "እኔ ቁጭ ብዬ አላይም" አለችና ጫማዋን ጥላ ወረደች፤ ትከሻዋን ከትከሻችን ገጥማ ገፋች። መኪናው ተንፏቅቆ ወጣ። ሁላችንም እስከ ጉልበታችን ጭቃ ሆነን እየጮኽን ወደ በሩ ሮጥን። ሙሽሪት ግን በሩ ላይ ቆመች። እግሯን አየች፤ ወለሉን አየች።

"ጋሼ፣ መኪናህን ላበላሽብህ ነው" አለችው።

"ነይ ግቢ" አላት ባለቤቴ። "ከፈለግሽ ጨፍሪበት።"

ገባች፤ ሚዜዎቹም ተከተሏት። ሃና እስክንደርስ በጭቃ እግራቸው ወለሉን እየደበደቡ ጨፈሩ። ጭቃው ግድግዳውም ጣሪያውም ላይ ተረጨ። የሙሽራው ዘመዶች መኪናውን ሳያዩ ድምፁን ሰምተው ወጥተው ጠበቁን። ባለቤቴ ሙሽሪትን እጇን ይዞ ካወረደ በኋላ ከአንዱ ግቢ ውሃ በባልዲ ለመነ፤ ወለሉ ላይ ቸለሰበት፤ ጭቃው ወርዶ ሣሩ ላይ ፈሰሰ። ባልዲውን መለሰና እጁን እያራገፈ ወደ ጭፈራው ገባ።